ማንም ያላናገረው ወርዋሪ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

ከባሕር ማዶ ጤናሽ እንዴት ነው? የጉልበትሽ ሕመም ቀለል አለሽ? እኛ ከልባችን ስብራት በቀር በሥጋ አለን። እማ ትበላለች ብዬ ግን አልዋሽሽም፤ የቀቀልኩላትን አረንጓዴ ሙዝ ታየዋለች እንጂ አትነካውም። ለወንድማችን ነፍስ ያደረግነው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ካለቀ ወዲህ እስከ ትናንት ቃል ከአፏ አልወጣም ነበር።

በስልክ እያለቀስሽ፣ «ያ ሁሉ ሰው ባለበት ወንድማችን ሲሞት እንዴት አጠገቡ አንድ ሰው እንኳ ይጠፋል?» አልሽኝ። መልሱን አሁን ልጻፍልሽ።

ያን ቀን ወንድማችን ኦዳሊስ እስከ ሰባተኛው ዙር ሲወረውር አንድም ሰው ኳሱን አልመታበትም። የቤዝቦልን ልማድ ታውቂዋለሽ፤ ወርዋሪ እንዲህ ሲቀናው ስሙን የሚጠራ፣ አጠገቡ የሚቀመጥ፣ ዓይኑን የሚያይ የለም። ዕድሉ ይደነግጣል ይባላል። ጓደኞቹ በሙሉ አግዳሚው ወንበር አንድ ጫፍ ላይ ተፋፍገው እሱን በሌላው ጫፍ ብቻውን ተዉት። እኔ ከተመልካቾች መሃል ሆኜ አየዋለሁ። ግራ ክንዱን ደጋግሞ አሸ። ከዚያ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ «ይሄ ልጅ ምን ሆኗል?» ሲል ሌላው፣ «ዝም በል አንተ ሟርተኛ! ልታበላሽበት ነው?» ብሎ ተቆጣው።

የመወርወር ተራው ሲደርስ ኳሱን የሚቀበልለት ጓደኛው ሄሬሚያስ እንኳ በስሙ አልጠራውም፤ ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገለት። ኦዳሊስ አልተነሳም። ፎጣውን ሲገልጡት ዓይኖቹ ተከፍተው ሜዳውን ያያሉ። በዚያ ሁሉ ፀሐይ እጁ ቀዝቅዞ ነበር አሉ። ሄሬሚያስ ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ «የሞተ ሰው ዕድል ስንጠብቅ ነበር» ብሎ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጨ።

ኦዳሊስን ከቡድኑ ጋር ያገናኘው ደላላ ዶን ኤሊሂዮ ደግሞ ገና ከቀብር ስንመለስ፣ «የታናሽየውም ክንድ የዚያው ቤት ክንድ ነው፤ በወንድሙ ፋንታ ይወርውር» አለ። ባለፈው ቅዳሜ ለትምህርት ቤታችን ስወረውር የቡድኑን ሰዎች ይዞ መጣ። እስከ አምስተኛው ዙር ማንም አልመታብኝም። ወደ ወንበሩ ስመለስ ልጆቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ራቁኝ። ጠዋት፣ «አንተ ሸንበቆ፣ ጫማህን አታውልቅብን፣ ገደልከን!» ሲሉኝ የነበሩት ትንፋሻቸው ጠፋ። ግራ ክንዴ ደነዘዘኝ።

ያኔ ወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው በጎኔ በኩል ዝቅ አለ። ዞሬ አላየሁም።

«ክንድህ እንዴት ነው፣ ቀጫጫው?» አለኝ፣ ልክ ኦዳሊስ እንደሚጠራኝ።

«ደንዝዟል» አልኩ።

«ታዲያ ምን ይጎልትሃል? ተነሥና ንገራቸዋ!»

ልጆቹ ብቻዬን ሳወራ አይተው አማተቡ። ተነሥቼ ነገርኳቸውና ከሜዳ ወጣሁ። ዶን ኤሊሂዮ እስከ በሩ ተከትሎኝ፣ «ፈሪ! እንዲህ ያለ ቀን ተጥሎ ይወጣል?» እያለ ጮኸብኝ። ከዚያ የሄድኩባት የክሊኒክ ሐኪም ግን ደረቴን ደጋግማ አዳመጠች። ወንድምህን የገደለው የልብ ሕመም በቤተሰብ የሚሄድ ሊሆን ይችላል፣ ዋና ከተማ ሄደህ ልብህ በመሣሪያ እስኪታይ ኳስ እንዳትነካ ብላ አዘዘችኝ።

ዶን ኤሊሂዮ፣ «ድንጋጤ ነው፣ ይለቀዋል፤ እሑድ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብሎ ለእማ ላከባት። እሷም ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ እሺታ እንዳይቆጥርብኝ ፈራሁ። ትናንት ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣

«ድምፁ የደከመ ነበር?» አለችኝ።

«አይ እማ፤ ሳቅ ሳቅ ይለው ነበር» አልኳት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እሑድ ሰውዬው ሲመጣ አንተ ጓሮ ሁን። እኔ አነጋግረዋለሁ» አለች።

አሁን ይህን ስጽፍ ከኋላዬ ቆማ፣ «እሷም ልቧን ትታይ፣ ዛሬ ነገ አትበል በላት» ትላለች። እባክሽ ታዪ።

የአልታግራሲያዋ እመቤታችን ማርያም ከፊትም ከኋላም ትጠብቅሽ፤ እንጀራሽን ታብዛልሽ፤ በደህና ታገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ