የዶክተር ሰይድ የበግ ጥናት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ስለ አካባቢያችን በጎች በሽታ የጻፉትን ጥናት ማንም በነፃ በሚያነብበት የዩኒቨርሲቲያችን ድረ ገጽ ላይ እንድጭነው እንዲፈቅዱልኝ ዶክተር ሰይድን ስለምን ሰንብቻለሁ። ጥናቱን ያሳተመው መጽሔት ፈቅዷል፤ እንቢ ያሉት እሳቸው ናቸው።

ዛሬም "በነፃ የተገኘ ነገር ማን ያከብረዋል፣ አንቺ ልጅ?" ብለው ሊሸኙኝ ሲሉ ስልካቸው ጮኸ። የከላላ ወረዳ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ያንኑ ጥናት በቴሌግራም እንዲልኩለት ለመናቸው። ወዲያው ላኩለት።

"ዶክተር፣ ስንት አስከፈሉት?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ወላሂ፣ አንቺስ አትለቂኝም!"

"የእርስዎን ስልክ የማያውቀው የወግዲ ወረዳ ሐኪምስ?"

ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ "ነገ ጠዋት ፋይሉን ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ" አሉኝ።

እሳቸው ከሰጡ ሌሎቹ መምህራንም ይከተላሉ። ነገ ካልመጡም ቤታቸውን አውቀዋለሁ።