የመስቀል ድርሻህ

መስከረም 10 ቀን 1980 ዓ.ም.
የመስቀሉን በሬ ትናንት ገዛን።

ለልጄ ለኤሊያስ፣ ይህ ደብዳቤ ወንጂ በሰላም ያግኝህ። እኛ ሆሳዕና፣ ጌታ ይመስገን፣ አለን።

ትምህርት ጀምረናል። ለዐሥራ አንደኛ ክፍል «ራን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስተማርኩ። ውሃ ሲፈስ፣ ሞተር ሲሠራ፣ ሰው መሥሪያ ቤት ሲመራ፣ ሁሉም «ራን» ነው። ብርቅዬ የምትባል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ መዝገበ ቃላቱ መሸሽም ይላል» አለች። «እሱ ለፈተና አይመጣም» አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። ወንዶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አልሳቁም።

በሬውን ስንገዛ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ «ኤሊያስ ለመስቀል ይመጣል አይደል? የእሱን ሥጋ እኔ ራሴ እመርጥለታለሁ» አለኝ። ከዚህ በፊት እንዲህ አስቦልህ አያውቅም። የአክስትህ ልጅ ጠና አምና ከፎንቆ ከተማ ለመስቀል መጥቶ፣ ሥጋውን ሳይጨርስ ከሌሎች ልጆች ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ እንደ ሄደ ታውቃለህ። አክስትህ ዘንድሮ ቅርጫው ውስጥ አልገባችም።

እናትህ ድርሻህን ልታስቀምጥልህ ነበር፤ ተይው አልኳት። ወንጂም ሥጋ አይጠፋም።

«ጽሕፈትህ ያምራል» ብለው የሰፈሩን ወጣቶች ስም እንድገለብጥ ቀበሌ አስቀምጠውኛል። ይህንንም የምጽፍልህ በእነሱ ወረቀት ነው። በቤት ቁጥር ተራ እየሄድኩ ነው፤ ቀጥሎ ያለው የእኛ ቤት ነው።

እናትህና እህትህ እታለም በጣም ናፍቀሃቸዋል፤ ሰላም በልልን ብለዋል። ጌታ ባለህበት ያኑርህ።

የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሊነሳ ነው፤ ደብዳቤውን ወደ ወንጂ እንዲያሻግርልኝ ለሾፌሩ እሰጠዋለሁ። ከቀበሌ የወጣሁት ቀለም አለቀብኝ ብዬ ነው።

አባትህ አበራ