የዳክዬዎቼ ሌባ

ሰኞ
ዛሬም አንዷን ሞታ አገኘኋት። ጭንቅላቷ የለም፤ ሌላው አካሏ ሳይነካ ኩሬው ዳር ተጋድሟል። ባለፈው ሳምንት የሞተችውም እንዲሁ ነበረች። አልቅሼ ቀበርኳት። የቀሩትን ከዛሬ ጀምሮ ማታ ማታ ዶሮ ቤት እዘጋባቸዋለሁ። ነጯ ግን ሸንበቆው ሥር እንቁላል ታቅፋለች፤ ብትሞት አትነሳም። በግድ ባነሳት እንቁላሎቹ ይበርዳሉ። እሷን ካገኛት አለቀ።

ጎረቤቴ ጋሽ ደምሴ "ውሻ ነው" አሉ። ውሻ እንዲህ በጥንቃቄ ይበላል?

ማክሰኞ
ትናንት ማታ ኩሬው ዙሪያ አመድ ነስንሼ ነበር። ጠዋት ዱካ አገኘሁ። ትንሽ፣ ክብ፣ የጥፍር ምልክት የሌለው። ድመት መሰለኝ። ጋሽ ደምሴ ግን ባሕር ዛፉ ቅርፊት ላይ የተጣበቀውን ፀጉር አዩና "ሸለምጥማጥ ነው፣ ከእንጦጦ ወርዶ" አሉ። የሽቦ ወጥመድ አመጡልኝ።

"ሥጋ አስገቢበት።"

"በሁዳዴ ሥጋ ከየት ላምጣ?"

"የሞተችውን ለምን ቀበርሽ ታዲያ? በቃ፣ እስከ ፋሲካ ታገሥ በይው።"

እንቁላል አስገባሁ።

ረቡዕ
ነጯ አለች። እንቁላሉ ግን ተበልቷል፤ ወጥመዱ አልተዘጋም። በሩ አጠገብ ማስቀመጤ ነው ጥፋቱ። ቅርፊቱ በአንድ በኩል ብቻ ተከፍቶ ባዶውን ቀርቷል። እኔ እንኳ እንዲህ አሳምሬ እንቁላል አልሰብርም። ተናድጄ ነበር፤ ቅርፊቱን ለመጣል ግን አልጨከንኩም።

ሐሙስ
ሌላዋ ጎረቤቴ እትዬ ሐሊማ ዶሮ አርደው ነበር። ጉዳዬን ስነግራቸው ሳቁና አንጀቱን በፌስታል ሰጡኝ። መንገድ ላይ ከቅዳሴ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ተገጣጠምኩ። ፌስታሉ ደም ያንጠባጥባል።

"ለአውሬ ነው" አልኩ።

"አይዞሽ፣ አውሬ የሌለበት ቤት የለም" አለች አንዷ።

አቀርቅሬ ቤቴ ገባሁ። አንጀቱን ከወጥመዱ ጥግ በሽቦ አሰርኩት።

ዓርብ
ተያዘ። ግራጫ ነው፣ ጥቁር ነጠብጣብ የፈሰሰበት፤ ጅራቱ ቀለበት በቀለበት ሆኖ አካሉን ሊያህል ምንም አልቀረው። አልጮኸም። ዓይኑን ሳይነቅል ያየኛል። ነጯ ከወጥመዱ አንድ ክንድ ርቃ ታቅፋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ አጠገቡ ነበረች ማለት ነው። የቱን እንደማደንቅ ጠፋኝ።

ጋሽ ደምሴ ዱላ ይዘው መጡ። ትንሽ አዩትና "ያምራል እኮ" ብለው ዱላውን አጥሩ ላይ አስደገፉት። ወጥመዱን ጆንያ አልብሰን በታክሲ ከቁስቋም በላይ ወዳለው ጫካ ወሰድነው። ሹፌሩን ድመት ነው አልነው። በሩን ስንከፍትለት አልሮጠም፤ ከሥራ እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብሎ ዛፎቹ መሀል ገባ።

ቅዳሜ
ይመለስ እንደሆነ፣ ሌላም ይኑር እንደሆነ አላውቅም። ወጥመዱን እስካሁን አልመለስኩም። ከሰዓት በኋላ ከነጯ ሥር ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ለማየት እጄን ብሰድ ጣቴን ነክሳ አልለቅም አለች። ስንት እንደተፈለፈሉ ገና አላየሁም።