የከድር አባት የሞት ማስረጃ

ሰኞ፣ ጥር 8። ወልቂጤ፣ ከትምህርት በኋላ

የአራተኛ ክፍል ደብተር አርሜ ጨረስኩ። ጣቴ ቀይ ቀለም ብቻ ነው። በአ.አ. በኩል የመጣ ሾፌር የአባባን መልእክት በቃል አደረሰልኝ፦ ቶሎ ና፣ ፍ/ቤቱ ሸምሱ አልሞተም ብሏል።

ሸምሱ ታናሽ ወንድሜ ነው። ነሐሴ ላይ ሞተ። አንተ ማስታወሻ ደብተሬ ታውቃለህ፤ ያን ቀን አንድ መስመር ነው የጻፍኩብህ። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብ ጻፍኩ።

ዳይሬክተሩ ፈቃድ ሰጠኝ። ወንድምህ ምን ሆነ አለኝ። ሞተ አልኩት። መቼ? ነሐሴ። አየኝና ፈረመ።

ማክሰኞ፣ ጥር 9። ቤት፣ ከእንሴኖ በላይ

ተራራው መካከላቸው ስላለ ከወልቂጤ ቡታጅራ የሚሄድ ሰው አ.አ. ዞሮ ይመጣል። እኔም ዞርኩ። ከእንሴኖ በእግር። አቧራ።

ነገሩ ይህ ነው። ጎረቤታችን ሁሴን፣ የሸምሱ ቤትና እንሰት ያለበት መሬት የእኔ ነው ብሎ ሸምሱን ከሷል። የወረዳው ፍ/ቤት ሸምሱን አስጠራ። ሞቷል ተባለ። ሁሴን ደግሞ የለም፣ መርካቶ ሱቅ ገብቷል አለ። ዳኛው ምን ያድርግ፤ ከዚህ አገር የጠፋ ወንድ ሁሉ መርካቶ ነው ያለው። የቀበሩት ሰዎች ሊመሰክሩ ቀረቡ። ሁላችሁም ዘመድ ናችሁ ተባሉ። ለሚመጣው ማክሰኞ ቀጠሮ ከጤና ጣቢያ የሞት ማስረጃ ካልመጣ በሌለበት ይፈረድበታል። ቤቱ ይሄዳል። በቤቱ ያሉት አባባ፣ የሸምሱ ሚስት ዘይነባና ልጃቸው ከድር ናቸው።

የሸምሱ ብርድ ልብስ ተሰጠኝ። ምንም አልተሰማኝም። ብርድ ልብስ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 10። ቡታጅራ፣ ጤ/ጣቢያ

ከጧቱ 3 ሰዓት። ሰልፍ። ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል፣ ሥሩ የወባ ማስታወቂያ።

ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር መዝገቡን አወጣ። የነሐሴውን ገጽ ከላይ እስከ ታች አየን። ሸምሱ ነስሩ የሚባል የለም። እንደገና አየን። ከዚያ ድሬሰሩ ጣቱን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈና ሳቀ፤ ቶሎ ደግሞ ሳቁን ዋጠ። ያስመዘገበችውን ሴት አስታወሳት። በጭቃው በቃሬዛ ያመጡት፣ ራሱን የሳተ ሰው። ተሸካሚዎቹ ደጅ ቀሩ፤ ሚስትየው ብቻ ገባች። ስም ሲላት «የከድር አባት» አለች። የእሱ ስም? የከድር አባት። የአባቱስ? ዝም። ከኋላዋ ሰው ይጮሃል። እንዳለችው ጻፈው። አሻራዋን አስቀመጠች። በማግሥቱ ጧት ሞተ፤ ከዐስር ሶላት በፊት ተቀበረ። ወረቀት የጠየቀ የለም።

በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። የአማቷንማ ጭራሽ። ሰው የሚሞት ቢሆንም። ይህን ለድሬሰሩ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው። ማስረዳት የነበረብኝ ለጤና መኮንኑ ነው። ወጣት ነው፣ ከጎንደር የመጣ። ጨዋ።

«መምህር፣ እውነትዎን እንደሆነ አያለሁ» አለኝ። «ግን የማን አባት እንደሆነ ሳይሆን ማን እንደሆነ ነው ፍርድ ቤቱ የጠየቀኝ።»

ያስመዘገበችው እሷ ናት፤ የምታሳርመውም እሷ ናት። ራሷ ቀርባ፣ በአፏ፣ ስሙን ከነአባቱ። የእኔ ቃል አይሠራም፤ አልነበርኩም። የአባባም እንዲሁ።

በሩ ላይ ዘበኛው ሰምቶ ኖሯል። «ጋሼ፣ እኔ አሁን እዚች ግቢ መሐል ቆሜ 'የከድር አባት!' ብዬ ብጣራ፣ ግማሹ ሰልፍ አቤት ይላል» አለኝ። ሳቅሁ። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ከግቢ ስወጣም እየሳቅሁ ነበር፤ አልቆም አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 11። ቤት

ጥምቀት ነው፤ ጽ/ቤት ሁሉ ዝግ። ለአባባ ነገርኩት። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ልጁን ቀብሯል፤ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?

ዘይነባ ስምህን መጥራት አለባት አልኩት።

ምርኩዙን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። በሰው ፊት ስሜን ከምትጠራ ቤቱ ይሂድ አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ ቤቱ ከሄደ ልጁ የት ይገባል አለ። ሁለቱንም በአንድ ድምፅ። የትኛውን እንደወሰነ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁም።

ዘይነባ ከጓሮ ሆና ሰምታለች። እኔንም በስሜ አትጠራኝም፤ ጋሼ ነው የምትለኝ።

«ጋሼ፣ ሌላ መንገድ የለም?»

የለም አልኳት።

«ወንድ ሲጠራው ስም ነው፤ እኛ ስንጠራው ነውር።»

ቆጮ የምትቆርጥበትን ቢላ በሣር ጠርጋ ገባች። እንሄዳለን አላለችም። አንሄድም አላለችም።

ቅዳሜ፣ ጥር 13። ቡታጅራ

ግማሽ ቀን ነው የሚሠራው፤ ሮጥኩ። ለመኮንኑ ሌላ ሐሳብ አቀረብኩ። እኔ ስሙን ልጥራ፣ እሷ አዎ በማለት ራሷን ትነቅንቅ። «በራስ ንቅናቄ ማኅተም አልመታም» አለ። ቃዲው ይጻፉልን? አይሆንም። አልተቆጣም። አንድ የታመመ ሕፃን ይዘው ገቡ፤ ወደዚያ ዞረ። ትክክል ነው። ሕፃኑ ገና ሕያው ነው።

በመንገድ ላይ ሁሴንን አገኘሁት። አሰላሙ አለይኩም አለ። መለስኩ። ሸምሱን መርካቶ ስታገኘው ሰላም በልልኝ አለ። አብሮት ያለው ሰው ሳቀ። በነሐሴ አፈር ካለበሱት ሰዎች አንዱ ሁሴን ነበር፤ አካፋውን ራሱ ነው ያመጣው። ልመታው ይገባኝ ነበር። እጄ አልተነሣም። ቲማቲም ገዝቼ ገባሁ።

ሰኞ፣ ጥር 15። ቡታጅራ፣ ከሰዓት በኋላ

ጧት ስነሣ ዘይነባ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ከእንሴኖ በጭነት መኪና ሄድን፤ እሷ ጋቢና፣ እኔ ከላይ። አልተነጋገርንም።

የጤና ጣቢያው ጽ/ቤት ሙሉ ነው። የእንሴኖ ሰዎች፣ የመስቃን ሰዎች፣ ፊታቸውን የማውቃቸው ሴቶች። መኮንኑን ሰዉ ይውጣ እንዲል በዓይኔ ለመንኩት፤ አልገባውም። ተናገሪ እህቴ፣ የሟች ስም ከነአባት አላት።

ሻሿን ከአፏ ላይ አነሣች።

«ሸምሱ ነስሩ።»

ከኋላ አንዲት አሮጊት አዑዙ ቢላህ ስትል ሰማሁ። መኮንኑ ካርቦን ወረቀቱን እያስተካከለ ነበር፤ ሁለት ቅጂ ነው፣ ድገሚልኝ አላት። ደገመች። ከፊተኛው ይልቅ ጮክ ብላ፦

«ባሌ ሸምሱ ይባል ነበር። የአባቱ ስም ነስሩ ነው። እዚህ፣ በዚያኛው ክፍል ሞተ። ይበቃል ወይስ ልጨምር?»

ይበቃል አላት። አሻራ። ማኅተም።

ደጅ ስንወጣ አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ የአማቷን ስም ገበያ አወጣችው አለች፤ እንድንሰማ አድርጋ። ዘይነባ ዞረች። «አንቺም ባልሽ ሲሞት ተለማመጂ» አለቻት። መኪናው እስኪሞላ ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች።

ወረቀቱን አነበብኩት። የወንድሜ ስም በጥሩ እጅ ጽሑፍ። ሞቷል። እሺ።

ማክሰኞ፣ ጥር 16

ዳኛው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርጎ አየ። ሟች አይከሰስም፤ ክሱ ተዘግቷል። ቤቱም እንሰቱም በሚስቱ እጅ ይቆያል። ሁሴን አላህ ይማረው አለ፤ ልክ ዛሬ እንደሰማ። አልቋል።

ዓርብ፣ ጥር 19። ቤት

አላለቀም።

እናታችን ከሞተች ወዲህ አባባ ከዘይነባ እጅ ሌላ አይበላም ነበር። ከሰኞ ወዲህ የእሷንም አይበላም። ነገሩ ከእኛ መኪና ቀድሞ ደርሶታል። አይቆጣትም። ምሳ ስታቀርብለት እጁን ይታጠባል፣ ቢስሚላህ ይላል፣ ከዚያ ይቀመጣል። ምግቡ ይቀዘቅዛል። የተቆላ ገብስ ከኪሱ ያወጣል። ጥርስ የለውም፤ ያሟሟዋል። እሷም ማቅረቧን አልተወችም፤ ማንሣቷንም።

ዛሬ ከጁምዓ ስንመለስ ጠየቅሁት። ምን አጠፋች?

«ምንም። ልክ ናት። ቤቴን አተረፈችልኝ» አለ። ጥቂት ሄድን። «ሆዴ ነው እምቢ ያለኝ። እሱን ማን ይምከረው?»

ልቆጣው ፈለግሁ። የአንገቱን አጥንት አየሁና ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 20። ጧት

ወሰንኩ። ሰኞ አባባን ይዤው ወልቂጤ እገባለሁ። አንድ ክፍል ናት፤ እንጣበባለን። የተረፈችውን ቤት ለዘይነባና ለልጁ ትቶ ይወጣል። እዚህ ከተቀመጠ ወይ እሱ በረሃብ ይሞታል፣ ወይ እሷ ያንን ትሪ ስታነሣ ስታስቀምጥ ታብዳለች።

ነገርኩት። ማን ያበስላል አለ። እኔ አልኩት። ታዲያ እዚያም ልራብ ነዋ አለ። እምቢ ግን አላለም።

ለእሷ እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የአባባ ጋቢ ታጥቦ በእንሰቱ መሐል ተዘርግቷል። እሷ ጫፉን እየጨመቀች ነው። ቀና አላለችም።

«በመንገድ ይበርደዋል» አለችኝ። «እስከ ሰኞ ይደርቃል።»