በሩን ማን ከፈተው?

ጥር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር አቶ ሲራክ
የጋራው ደን ታሪካዊ ማረፊያ ቤት አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ክብርት ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሰላም ውላችሁ በሰላም እንድታድሩ፣ በተለይም የምታድሩበት ቤት በሩ ከውስጥ የሚከፈት እንዲሆን ልባዊ ምኞቴ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ባለፈው ወር እርስዎ በሚያስተዳድሩት ቤት ውስጥ ለጥቂት "ነበሩ" ልንባል ስለነበር ነው።

ማንነቴን ባስታውስዎ፣ ወይዘሮ ትሩፋት የምባል የላፍቶ ነዋሪ ስሆን፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ የኖርኩ ሴት ነኝ። "ጉዳዩ እየታየ ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዓይኔን ጨፍኜ እመታዋለሁ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አቤት ብዬ ሁለቱንም ጊዜ ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ሲልኩልኝ አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም የድሮ ባልደረባዬን መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ነገር ግን ያገዳችሁትን የማረፊያ ቤቱን ዘበኛ፣ አቶ ሮበሌን፣ የፊታችን ዓርብ ጉባኤ ተቀምጣችሁ ጨርሶ ልታሰናብቱት መሆኑን ስሰማ፣ ሦስተኛው ደብዳቤ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ከሚተኛ ሕዝብ ይየው ብዬ ለጋዜጣ ሰጠሁት። ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ባለቤቴ አቶ መኩሪያ የተጋባንበትን ሠላሳኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ ልጆቻችን ከፉሪ ማዶ ባለው ጋራ አናት፣ ከጽዱ ደን መካከል፣ የድሮ የደን ሹም ኖሮበታል በሚባለው የግንድ ቤት አንድ ቀን እንድናድር አዘጋጁልን። መኩሪያ ዕድሜውን የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ያንን ጋራ ከመንገድ ላይ ሲያየው "አንድ ቀን እዚያ ላይ ሞተር ሳይሰማኝ ባደርኩ" ይል ነበር። ምኞቱ ሠመረለት፤ ሞተር አልሰማም። ከዚያ ወዲያም ምንም እንዳይሰማ ሆኖ ነበር።

ቤቱ ማማሩን አልክድም። ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ እያየን፣ ላፍቶ ከታች በጭጋግ ውስጥ ትንሽ ሆና ስትታየን፣ መኩሪያ በረንዳው ላይ እጄን ያዘኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደጅ ላይ እጄን ይዞኝ አያውቅም። ለዚያች ጊዜ መሥሪያ ቤትዎን ከልብ አመሰግናለሁ። ይህ ምስጋና እሾህ የለበትም፤ ከዚህ በታች ያሉትን ግን እያዩ ይርገጡ።

1ኛ. ስለ መስኮቶቹ። የቅርሱ መልክ እንዳይለወጥ በማለት መስኮቶቹን በሙሉ በሚስማር መትታችኋቸዋል፤ በግንዶቹ መካከል የነበረውንም ክፍተት በሲሚንቶ ደፍናችሁ "እድሳት ተደርጎለታል" የሚል ሰሌዳ ሰቅላችኋል። የጥንቶቹ ሰዎች ያንን ክፍተት የተዉት ሲሚንቶ ቸግሯቸው መስሏችሁ እንደሆነ አልፈርድባችሁም። ያ ቤት ስንት ዘመን ሲተነፍስ ኖሮ ትንፋሹ በእናንተ እጅ ስለቆመ፣ ለትጋታችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

2ኛ. ስለ ቁልፉ። ቀደም ሲል ያደሩ እንግዶች ብርድ ልብስ ይዘው ስለሄዱ፣ ከእንግዲህ እንግዳ ማታ ከውጭ ተቆልፎበት አድሮ፣ ጠዋት ንብረቱ ተቆጥሮ ሲሟላ እንዲለቀቅ ደንብ አውጥታችኋል። እኔ በዘመኔ ብዙ ደንብ መትቻለሁ፤ ሰውን ከብርድ ልብስ ጋር አብሮ የሚቆልፍ ደንብ ግን ሲያጋጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ይህም አላነሰ ይመስል፣ ቁልፉ ዘበኛው እጅ እንዳያድር የንብረት ክፍል ሠራተኛችሁ ይዘውት ይወርዳሉ፤ የእሳቸው ቤት ደግሞ ሳሪስ ነው። እኛ ጋራ ላይ ተዘግቶብን ቁልፋችን በውይይት ታክሲ ተሳፍሮ ከተማ ይገባል ማለት ነው። ወይ ጉድ! እኛስ እሺ፣ ለመሆኑ ቁልፉ እራቱን በልቶ ነው የሚተኛው?

ይህን ያወቅነውም በሩ ከኋላችን ቀጭ ካለ በኋላ ነው። ሮበሌ ከውጭ ሆኖ፣ እያፈረ፣ "እትዬ፣ ደንብ ነው፤ ጠዋት ይከፈታል" አለን። መኩሪያ "ሠላሳ ዓመት ታስሬ ዛሬ ገና ተቆለፈብኝ" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እግዜር ያሳይዎ፣ ሳቅሁ።

3ኛ. ስለ ፖፖው። የተቆለፈበት ሰው ደጅ መውጣት ስለማይችል አንድ የቆርቆሮ ፖፖ ከአልጋው ሥር አስቀምጣችኋል። በዚህ አልወቅሳችሁም። ጥቅሙን ወደ በኋላ አወሳለሁ።

4ኛ. ስለ ከሰሉ። የታኅሣሥ ብርድ እዚያ ከፍታ ላይ ምን እንደሚመስል ለእርስዎ አልነግርም። ሮበሌ የከሰሉን ማንደጃ በረንዳው ላይ አቀጣጥሎ ፍሙ እስኪቀላ ሊጠብቅ ሲል፣ ቁልፍ ያዡ "ታክሲው ያመልጠኛል፣ ቶሎ በል" እያሉ ስላጣደፉት፣ ከሰሉ ግማሹ ጥቁር እንደሆነ ወደ ውስጥ ገባ። ያልበሰለ ከሰል አስገብቶ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ላፍቶ ውስጥ የማያውቅ ሴት የለችም፤ እኔም አውቃለሁ። ማንደጃውን አንስቼ ወደ ደጅ ላወጣ ስል ነው ደጅ የሚባል ነገር እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። ጥግ ድረስ አርቄው፣ ሞቅ ሲለን በውኃ አጠፋዋለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም።

ጀምበሯ ከጠለቀች ብዙም አልቆየችም። መኩሪያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤቱን ታሪክ ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ ቃሉ ይጎተት ጀመር። ሲቀልድ መሰለኝ። የእኔም ራስ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር፤ ብርዱ ነው ብዬ ነጠላዬን አሠርኩበት። ቀና ስል ባሌ ተንበርክኮ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፏል። ጠራሁት፣ አልመለሰም። ትከሻውን ስነካው ወደ ጎን ተደፋ።

የጆጉን ውኃ ከሰሉ ላይ ደፋሁት፤ ቤቱ በእንፋሎትና በአመድ ተሞላ። መስኮቱን በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት፤ ሚስማራችሁ ጥሩ ሚስማር ነው፣ ክቡር ሆይ። በሩን በትከሻዬ መታሁት፤ እሱም የጽድ ሳንቃ ነው። ጉልበቴ ሲከዳኝ ፖፖውን አንስቼ በሩን እየደበደብኩ ኡኡ አልኩ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ አልጮህኩም። ከበሩ ሥር አንዲት ስንጥቅ አለች፤ አፍንጫዬን እሷ ላይ ለጥፌ ትንሽ አየር እስብና እንደገና ኡኡ እላለሁ። መኩሪያን በብብቱ እየጎተትኩ አምጥቼ አፉን አስጠጋሁት። ስንጥቋ ለሁለት ሰው አትበቃም፤ በተራ አደረግናት። እሱ ግን ተራው መድረሱን አያውቅም ነበር።

የሮበሌ ጎጆ ወረድ ብሎ ከምንጩ አጠገብ ነው። ጩኸቱን አስቀድማ የሰማችው ሚስቱ ገዲሴ ናት። ኋላ ራሱ እንዳጫወተኝ፣ ሮበሌ ሰምቶ ቆሞ ቀረ። ቁልፉ የለውም፤ ደንባችሁ ሳይነጋ በሩን እንዳይነካ ያዛል፤ እንጀራውም ጎጆውም በዚያ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገዲሴ ግን የእናንተን ደንብ አላነበበችም። እሷ የምታውቀው ደንብ አንድ ነው፦ ኡኡ ከተባለ ይሮጣል። የሚጮኸው ወዳጅ ይሁን ጠላት፣ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ የለም፤ ጥያቄው ከደረሱ በኋላ ነው። መጥረቢያውን ከግድግዳው አንስታ "አንተ ደንብህን ጠብቅ" ብላው ብቻዋን ሽቅብ ወጣች። ሮበሌ ሮጦ ደረሰባትና መጥረቢያውን ከእጇ ነጠቃት።

በሩ ሲፈለጥ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። መኩሪያን ሣሩ ላይ አጋደሙት። ገዲሴ እግሩን እያሸች በኦሮምኛ ትለምናለች፤ እኔ በአማርኛ እለምናለሁ። መቼም እግዜር ሁለታችንንም ሰማን። መኩሪያ ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና መጀመሪያ የጠየቀው ነገር "በሩን ማን ከፈተው?" የሚል ነበር።

ሮበሌ ይህን ሲሰማ መጥረቢያውን ከኋላው ደበቀ። አዎ፣ የሰው ነፍስ ያተረፈ ሰው መሣሪያውን እንደ ሌባ ደበቀ። ክቡር ሆይ፣ ሥራችሁን በሚገባ ሠርታችኋል፤ በገዛ ደግነቱ የሚደነግጥ ሰው ፈጥራችኋል።

5ኛ. ስለ ክሱ። ለሮበሌ የጻፋችሁት የክስ ደብዳቤ ርእሱ "በሩን ማን እንደከፈተው ስለማጣራት" የሚል መሆኑን ሳይ፣ መኩሪያ ሣር ላይ ተኝቶ የጠየቀውን ጥያቄ ከማን ሰማችሁት ብዬ ተገረምኩ። ልዩነቱ፣ እሱ የጠየቀው ሊያመሰግን ነው። ደብዳቤው ሮበሌ "ባልተፈቀደ ሰዓት ታሪካዊ በር በመጥረቢያ ሰብሮ ቅርስ አውድሟል" ይላል። ስለ ከሰሉ አንድ ቃል የለበትም። እኔና መኩሪያ "በዕለቱ የነበሩ ተጠቃሚዎች" በሚል ተጠቅሰናል፤ ብርድ ልብሶቹ ሳይጎድሉ መገኘታቸውም በክብር ተመስክሮልናል። ይህንን ለልጅ ልጆቻችን እናወርሳለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ አጣሪ ኮሚቴያችሁም ወጥቶ የተፈለጠውን ሳንቃ በሜትር ለክቶ ተመልሷል፤ ከኮሚቴው አንድ ሰው እንኳ መስኮቱን ገፋ አድርጎ አላየም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው።

በጣም ተናድጃለሁ። ይህን በጨዋ አማርኛ የምጽፈው ሌላው አማርኛ ስለማይታተምልኝ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ቢባልም፣ እርስዎ ከሁለቱም አይደሉም ብዬ ተስፋ በማድረግ እለምንዎታለሁ። ዓርብ ዕለት ሮበሌን ወደ ሥራው ይመልሱት። እሱ ቢባረር ገዲሴም ከጎጆዋ ትወጣለች፤ ቀጥሎ የሚመጣው ዘበኛም ኡኡ ሲሰማ ጆሮውን ደፍኖ መተኛትን ከእነሱ ይማራል። ሚስማሩን ንቀሉት፤ መቆለፊያውን ወደ ውስጥ አዙሩት። ብርድ ልብሱ ከጠፋ የእኔን ቤት ፈትሹ፤ በሬ ከውስጥ ነው የሚከፈተው፣ ሲንኳኳ እከፍታለሁ።

ምስክር ካስፈለገ ዓርብ ጠዋት እኔና መኩሪያ ከደጃችሁ እንገኛለን። እስካሁን ዳገት ሲወጣ ቆም እያለ ነው፤ ግን ይመጣል። በሩን ማን ከፈተው ለሚለው ጥያቄያችሁ መልሱን እሱ ራሱ ይሰጣችኋል፦ ሰው ከፈተው። ማን ዘጋው የሚለውን ግን እርስዎ እንዲሞሉት ባዶ ትተንልዎታል።

ደንብዎ ከሰው፣ ብርድ ልብስዎ ከደንብ በላይ ተከብረው እንዲኖሩ የምትመኝ፣ አየር ስትስብ ሁሉ እርስዎን የምታስታውስ፣

ታዛዥዎ
ወይዘሮ ትሩፋት
ከጽዱ ሳንቃ በሕይወት ከወጡት "ተጠቃሚዎች" አንዷ

ግልባጭ፦
ለአቶ መኩሪያ ሳንባ፣
ሳሪስ ላደረው ቁልፍ፣
ለአቶ ሮበሌና ለወይዘሮ ገዲሴ፣ ከብዙ ምስጋና ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተፈለጠው በር በላሜራ ተተክቶ፣ ቅዳሜ ማታ ለምረቃው እርስዎና ክብርት ባለቤትዎ እዚያው እንደምታድሩ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ። ክፉ አልመኝልዎትም፤ ከሰሉን ደጅ ያሳድሩት። ከበሩ ሥር የነበረችው ስንጥቅ በእድሳቱ መደፈኗን ነግረውኛል። በሮበሌ ቦታ ለጊዜው ያቆማችሁት ዘበኛም እጅግ ደንብ አክባሪ ነው አሉ፤ ሳይነጋ ንቅንቅ አይልም። ፖፖው ግን እዚያው ከአልጋው ሥር ነው፤ ድምፁ እስከ ምንጩ ይደርሳል። እዚያ የሚሰማ ሰው መኖር አለመኖሩን ዓርብ ዕለት እርስዎ ራስዎ ይወስናሉ።