የጣራው ኡኡታ

ሐምሌ 28
ደህና ቀን። ጠዋት ወንዙን አየሁት... ከእግረኛ ድልድዩ በታች ነው፣ ጭቃ መስሎ ዝም ብሏል። ቢሮ ገብቼ የውሃውን ከፍታ መዘገብኩ። ጣራው ላይ ያለውን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሳይረን የሚያስጮኸውን ቁልፍ ከአቧራ ጠረግሁት። መጥረግ ይፈቀዳል፣ መጫን ክልክል ነው።

ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ ጎራ አልኩ። ጎረቤቷ ብስክሌት ጠጋኙ ጎማ እየነፋ ጠበቀኝ። "ኡኡታ! ዛሬስ ምን ሊመጣብን ነው?" ባለፈው ወር በከንቱ ካስጮህኩት ወዲህ ስሜ ይኼው ነው። ያን ቀን ሰፈሩ ልጁን አቅፎ ዳገት ወጣ፣ ወንዙ ድልድዩ ጋ ደርሶ ተመለሰ። እማዬ ስትሮጥ ወድቃ ጉልበቷ እስካሁን እንዳበጠ ነው። አብሬው ሳቅኩ። ምን ላድርግ?

ሐምሌ 30
አለቃዬ ወደ አየር ንብረት ጉባኤው ሄዱ። "ወንዝ ዳር የሚኖር ሁሉ ጎርፍ ሳይደርስ ይነገረዋል" ተብሎ ቃል የተገባው እዚያ ነው። ሳይረኑም የመጣልን በዚያ ቃል ነው። አሁን የሳይረኑን ፎቶ ይዘው "ፈጽመናል" ሊሉ ነው። በር ላይ ቆም አሉና፣ "ያለ እኔ ፈቃድ እንዳትነኪው። ሁለተኛ ካሳፈርሽን ሥራሽን እርሺው።"
"ስልክዎ ባይነሳስ?"
"ይነሳል።"
... ባይነሳስ?

ነሐሴ 2
ዝናብ። እዚህ ካፊያ ነው፣ ከላይ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። 

እማዬን እኔ ጋ እንድታድር ለመንኳት። "ልጄ፣ በዚህ ጉልበቴ ዳገት? ያንቺ ነገር እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነ እኮ።" እውነቷን ነው መሰለኝ። ግን ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

ነሐሴ 3
እማዬ እኔ ጋ ናት። የቀረውን ነገ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 4
ትናንት ከምሳ በፊት ከወንዙ በላይ በኩል ያለው የውሃ መለኪያ ጣቢያ ጠባቂ ደወለች። "እህቴ፣ መለኪያውን ራሱን ውሃ ወሰደው! መጣብሽ!" አለችና ተቋረጠ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ዝግ። ደግሜ። ዝግ። መድረክ ላይ ይሆናሉ... ስለ ሳይረኑ እያወሩ። በመስኮት አየሁ፤ ወንዙ እንደ ወትሮው ነው። አሁንም ባይመጣስ? ሥራዬስ? እንዲህ እያልኩ ተቀመጥኩ። ምን ያህል ተቀመጥኩ? በኋላ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊሆን ነው ብዬ ተነሳሁና ተጫንኩት።

ጮኸ። ማንም አልወጣም። አንዲት ሴት እንዲያውም ድምፁ ረብሿት መስኮቷን ዘጋች።

ወርጄ ሮጥኩ። በር ለበር፣ በመዳፌ እየደበደብኩ። ፊቴን ሲያዩ መውጣት ጀመሩ። ብስክሌት ጠጋኙ ጋ ደረስኩ። "ጋሼ ውጣ! በፈጠረህ ውጣ!"
"ኡኡታ፣ እቺን ጎማ ልጨርስና።" ሳቀ።
ልጎትተው? እማዬ ደግሞ ቀጥሎ ናት... ጥዬው አለፍኩ። እማዬን አዝዬ ዳገቱ ግማሽ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ቆርቆሮ ሲገነጠል ሰማሁ። አልዞርኩም።

ነሐሴ 6
አለቃዬ ደወሉ። "ሰማሽ? ተጨበጨበልን! ቃላቸውን ተግባር ላይ ያዋሉ ተብለን..."
"ጎርፍ መጥቶ ነበር።"
"ሳይረኑ ጮኸ?"
"ጮኸ።"
"ተመስገን! ሠርቷል ማለት ነዋ።"
ማን ፈቀደልሽ አላሉኝም። ስንት ሰው ተረፈ አላሉኝም።

ብስክሌት ጠጋኙን ትናንት ድልድዩ ሥር ሞቶ አገኙት። ተቀምጬ ባልቆይ ኖሮ ጎማውን ጨርሶ ይደርስ ነበር... ይደርስ ነበር?

ነሐሴ 19
ጠራራ ፀሐይ። ሳይረኑን የምንሞክርበት ቀን ነው። ሙከራ መሆኑን ከትናንት ጀምሮ በየቤቱ ዞሬ ነግሬያለሁ። ገና ስጫነው ግን ሰፈሩ በሙሉ ወጣ፣ ቤቷ የተመለሰችው እማዬም ምርኩዟን ይዛ ከፊት። "ሙከራ ነው!" ብዬ በመስኮት ጮህኩ። አልተመለሱም። ዳገቱ ላይ ቆመው እኔን ያያሉ። የምትስቅ ነፍስ የለችም።

ድሮ የምፈራው አያምኑኝም ብዬ ነበር። አሁን አመኑኝ... እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ወደ ቤት ስመለስ እማዬ ጎረቤት፣ ብስክሌት ጠጋኙ ጎማ ይነፋበት የነበረው ባዶ ቦታ ጋ ስደርስ እርምጃዬን ቀነስ አደረግሁ። ኡኡታ ያለኝ የለም።