ጥፋቴን አትውሰዱብኝ ይሉ የነበሩት አቶ ጣሰው ገብረወልድ

አቶ ጣሰው ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺሃረግ በ1943 ዓ.ም. በካፋ፣ በማንኪራ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቦንጋ ከዘመድ ተጠግተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። መምህራኑ ጠያቂነታቸውን ይወዱላቸው ነበር ይባላል፤ ያማርራቸውም ነበር ይባላል። ከዚያም ወደ ማንኪራ ተመልሰው ቡና መልቀምና ቀፎ መስቀል ያዙ። በ1965 ዓ.ም. ከወ/ሮ በዛወርቅ ወልደአማኑኤል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኢያሱንና ህይወትን አፈሩ።

በማንኪራ ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። ማር ቆራጩ ወገቡን የሚያስርበት የጫካ ሐረግ በየዓመቱ በአዲስ ይተካል፤ የከረመ ሐረግ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይደርቃል። በ1987 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ እንዳይቀድማቸው የቸኮሉት አቶ ጣሰው ልጃቸውን ኢያሱን በአምናው ሐረግ አሰሩት። ሐረጉም ተበጠሰ። የሃያ ዓመቱ ኢያሱ ወድቆ ነፍሱ ብትተርፍም፣ ቀኝ ጉልበቱ ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም።

ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እያለ አጽናናቸው። እሳቸው ግን እግዚአብሔር ሐረግ አላሰረም ይሉ ነበር። ኢያሱ ቦንጋ ገብቶ፣ ከወልቂጤ በኩል መጥተው ከሚነግዱት ከአባቱ ወዳጅ ከሐጂ ከሚል ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በአንድ እግሩ የስፌት መኪና እየረገጠ ስሙን ሲያስጠራ ደግሞ ሰው ሌላ ማጽናኛ አገኘ። ለካ አምላክ የጣለው ለዚህ ኖሯል ተባለ። አቶ ጣሰው በዚህ ክፉኛ ይቆጡ ነበር። እኔ የሰበርኩትን አንስቶ ለበጎ አዋለው፣ ለዚህም አመሰግነዋለሁ፣ የሰበረው እሱ ነው ግን አትበሉብኝ ይሉ ነበር።

ለገበያ በወጡ ቁጥር በዚያ በረንዳ ላይ ክርክሩ ይደራ ነበር። ሐጂ ከሚል ሁሉም አስቀድሞ የተጻፈ ነው ይላሉ፤ መሪጌታ ሀብተሥላሴ ፈተና ነው ይላሉ። «መሪጌታ፣ ፈተና ለጻድቅ ነው። እኔ አዲስ ሐረግ መቁረጥ የሰነፍኩ ሰው ነኝ» ብለው አፍ ያስያዟቸውን ቀን ሐጂ ከሚል ዛሬም እየሳቁ ያወሩታል። ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አልነበረም። አቶ ጣሰው ከቅዱስ ቁርባን ርቀው ነበር። ሊናዘዙ ቢሄዱም ይህ አደጋ እንጂ ኃጢአት አይደለም ተብለው ተመልሰዋል። ጥፋት የለብህም የተባለ ሰው ይቅርታን ከየት ያገኛል? ወ/ሮ በዛወርቅ በዚህ ብዙ አልቅሰዋል።

በ1998 ዓ.ም. ኢያሱ ወ/ሪት ብርቅዬን ሊያገባ፣ የአባቱን ጉልበት ስሞ ለመመረቅ ቀረበ። መንበርከክ ስለማይችል ጎንበስ ቢል አቶ ጣሰው ፊታቸውን አዞሩ።

«ይህ እጅ አንተን አይመርቅም» አሉት።

ኢያሱም ሽማግሌዎቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «አባዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ሐረጉን መቀየር ነበረብዎት። እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ» አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ደነገጡ፤ መሪጌታም ሊገሥጹት ተነሡ። አቶ ጣሰው ግን ልጃቸውን አቅፈው አለቀሱ፣ ከዚያም አንጀታቸው እስኪርስ መረቁት። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ሐጂ ከሚል ይህን ሰምተው፣ «እሺ፣ ያን ቃል በልጁ አፍ ያኖረውስ ማን ነው?» ቢሏቸው፣ «ለሱስ ምስጋና እንጂ መልስ የለኝም» ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ተረቱ።

ከዚያ በኋላ የኖሩት ዘመን ለእኛ ለቤተሰቡ የደስታ ነበር። የልጅ ልጆቻቸውን አቀፉ፤ መከራከራቸውንም አልተዉም። የጉበት ሕመማቸውን ደብቀው ኖረው ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ጊዜው አልፎ ነበር። የደበቅሁት እኔ ነኝና ይቅር በሉኝ አሉን፤ እኛም ተቆጥተናቸው ይቅር አልናቸው። ጥር 14 ቀን 2009 ዓ.ም. በ66 ዓመታቸው ቦንጋ በሚገኘው የኢያሱ ቤት አረፉ። አቶ ጣሰው ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ።

ልታጽናኑን የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አቶ ጣሰው ያስቀየሟችሁ ካላችሁ፣ ምንም አልበደሉንም ብላችሁ አታሰናብቷቸው። በደላቸውን በስሙ ጠርታችሁ ይቅር በሏቸው። እኛ ይቅር ያልናቸውን አባታችንን፣ የእኛንም የእሳቸውንም ጥፋት የሚያውቅ አምላክ በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።